ቀድማ የተጻፈች ዓረፍተ ነገር

ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «ጋሽ መዝገብ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ባለቤቱና የደመወዝ ክፍሏ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዋናው በር ገባ ሲሉ በስተግራ፣ የስንቱ ባለጉዳይ ክርን ካለሰለሰው የእንጨት ባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ሲጽፍ ኖሯል። ማን መጣ፣ በስንት ሰዓት መጣ፣ በምን ጉዳይ መጣ፣ ምን ይዞ ገባ፣ ምን ይዞ ወጣ። መዝገቡ ጥቁር ጠንካራ ልባስ ያለው፣ እያንዳንዱ ገጽ ቁጥርና ማኅተም የተመታበት፣ ስርዝ ድልዝ የማይፈቀድበት ነው። ጋሽ መዝገብን ይህ ክልከላ አስጨንቆት አያውቅም። ሰርዞ አያውቅማ! ጽሕፈቱ ልቅም ያለ ነበር፤ ከሌላ ጣቢያ የመጣ ሰው ገጹን ሲያይ «ይሄ የታተመ ነው ወይስ የተጻፈ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱም እንዳልሰማ ሰው ብዕሩን ይከድናል።

የሚኮራበት ሌላም ነገር ነበረው። «እኔ በዚህ ቤት ውስጥ በሰው ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም» ይላል። ለባለቤቱ ይላል፣ ለአዳዲስ ኮንስታብሎች ይላል፣ ጢሙን ሲላጭ መስታወት ውስጥ ላለው ሰውዬም ይላል። እውነቱን ነው፣ አንስቶ አያውቅም። ግን ማን አንሳ ብሎት ያውቃል? ከእሱ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነበር።

የሚፈለገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በሥራው መጀመሪያ ዓመት አንድ አፈኛ ሰካራም መንጋጋው ተሰብሮ ሲመጣ፣ የያኔው የጣቢያው አዛዥ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ «አንተ ልጅ፣ ጽሕፈት ትችላለህ አሉ፤ እስቲ አንዲት የምታምር ነገር ጻፍልኝ» አለው። ጋሽ መዝገብ ብዕሩን ጥርሱ ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በስካር መንፈስ ተገፋፍቶ ሲሳደብና ሲወራጭ ሚዛኑን ስቶ በመውደቁ፣ ራሱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ቀርቧል።» አዛዡ አነበበና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሰካራም ፊቱ አብጦ በመጣ ቁጥር፣ ያመጣው ፖሊስ ባንኮኒው ጋ ጠጋ ብሎ «ጋሽ መዝገብ፣ ያቺን አስገባልኝ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ያቺ የምትባለው የቷ እንደሆነች ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ጋሽ መዝገብም ነገ ለማያስታውሰው ሰካራም ብሎ ከባልደረባው ጋር አይቀያየምም፤ ያስገባታል። አዛዦች ተለዋወጡ፣ የግድግዳው ቀለም ሦስት ጊዜ ተቀየረ፣ ዓረፍተ ነገሯ ግን ነጥቧ እንኳን ሳትለወጥ እዚያው ቤት አረጀች።

ከጣቢያው በር ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። የጣቢያው ጫማ ሁሉ በእጁ ያልፋል። ሰውን በፊቱ ሳይሆን በተረከዙ ነው የሚያውቀው፤ «ይሄ ባለ ግራ ተረከዝ ዛሬ ሥራ አልገባም እንዴ?» ሲል የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ማለቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ጭምት ነው፣ ወስፌና ክር ብቻ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ከቀማመሰ ግን ጄኔራል ይሆናል። ቆቡን ያዞርና መንገድ ላይ ቆሞ ይሾማል፣ ይሽራል። የአውቶቡስ ሹፌሩን መቶ አለቃ ያደርገዋል፣ ትኬት ቆራጯን በሱ ላይ ሻለቃ አድርጎ ይሾምበታል። ስድብ ካልነው ስድቡ ይሄው ነው። ሰዉም «ጄኔራል» ብሎ ሰላምታ ይሰጠውና ያልፋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ወድቆ ያየው ሰው የለም። ሲጠጣ ይበልጥ ቀጥ ይላል እንጂ አይንገዳገድም።

አንድ ልማድ ነበረው። የሰው ጫማ ሶል ቀይሮ ሲጨርስ፣ ከመስጠቱ በፊት፣ የባለቤቱን ማዕረግ በነጭ ጠመኔ ሶሉ ላይ ይጽፋል። ማዕረጉ ከመንግሥት ጋር አይገናኝም፤ እሱ ራሱ የሚሰጠው ነው። ጋሽ መዝገብ የመጀመሪያ ጫማውን ያሠራ ጊዜ «ተራ ወታደር» ተብሎ ነበር የተጻፈለት። ከዚያ በየሶሉ እያደገ፣ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ እያለ ኮሎኔል ደረሰ። ኮሎኔል ላይ አራት ዓመት ቆመ። «ምነው ጄኔራል፣ ረሳኸኝ?» ሲለው ጫማ ሰፊው በአፉ የያዛትን ምስማር አውጥቶ፣ «ከዚህ በላይ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ እኔ ተቀምጫለሁ» ይለዋል። ይሳሳቃሉ። ጓደኛሞች ነበሩ፤ ያለ ብዙ ወሬ የሚግባቡ ዓይነት። ጫማ ሰፊው እናቷ በልጅነቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት አንድ ሴት ልጅ ነበረችው። ልጅቷ ፊደል ስትቆጥር አባቷ ደብተሯን አስይዞ ወደ ጣቢያ ይልካታል፤ ጋሽ መዝገብ የገጹ አናት ላይ አንድ መስመር ይጽፍላትና እሷ ሥሩ እየደጋገመች ትገለብጣለች። ዛሬ አስተማሪ ናት። የሁለቱን ጽሕፈት ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ እጅ ነው ብሎ ይምላል።

ያን ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው የጠራው ረጅሙ ኮንስታብል ነበር፤ ከሌላ ጣቢያ ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው።

«አንድ ሰካራም ይዣለሁ። ሕግ አስከባሪ እየሰደበ፣ ሰው እየሰበሰበ ነው። ላመጣው ነው፣ መዝግብልኝ።»

«እሺ። የተለመደው ነው?»

«ያው ነው።»

ደንቡ ግልጽ ነው። ሬዲዮ ሲጠራ ሰዓትና ጠሪው ይጻፋል፤ የቀረው የሚጻፈው ሰውየው ባንኮኒው ፊት ቆሞ በዓይን ሲታይ ነው። ግን ጋሽ መዝገብ ጨጓራ አለበት፣ ሐኪሙም ምሳህን በሰዓቱ ካልበላህ እኔ ዘንድ አትምጣ ብሎታል። ባለቤቱ የላከችው ምሳ ዕቃ ጉልበቱ ሥር ተቀምጧል፤ ክዳኑ ገና ይሞቃል። ሰካራሙ ሲመጣ እንደገና ከምጽፍ አሁኑኑ ልጨርሰው፣ ስሙን ብቻ ሲመጣ እሞላዋለሁ ብሎ አሰበ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ረጋ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች አንድም ፊደል ሳያዛንፍ ጻፋት። ለስሙ ክፍት ቦታ ተወላት። ሁለት ሴቶች መታወቂያ ጠፋብን ብለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ እነሱን ገና አልመዘገበም፤ ከምሳ በኋላ አላቸው።

ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሰካራሙ ገባ። ጫማ ሰፊው ነበር።

በሁለት እግሩ፣ ቀጥ ብሎ፣ እየሳቀ ነው የገባው። ኮንስታብሉ ከኋላ ኮሌታውን ጨምድዶ ይዞታል፤ እሱ ግን የተያዘ ሳይሆን ለጉብኝት የመጣ ነበር የሚመስለው። ፊቱ ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም።

«ኮሎኔል!» አለ ጋሽ መዝገብን ሲያይ፣ ግንባሩ ላይ እጁን አድርጎ። «ትልቅ ሰው ሲገባ አትነሳም እንዴ? ጫማህ ደርሷል እኮ፤ ጠዋት ነው የጨረስኩት። ሹመት አለበት። አልነግርህም፣ ራስህ ገልብጠህ ታየዋለህ።»

ጋሽ መዝገብ ክው አለ። ዓይኑ ሳያዘው ገጹ ላይ ሄደና ተመለሰ። «ጄኔራል፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋህ?» አለ፤ ድምፁ ለራሱም ሌላ ሆነበት።

«ይሄን ረጅም ልጅ ጠይቀው።»

«ዝም በል አንተ ሰካራም!» አለ ኮንስታብሉ።

ጫማ ሰፊው ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየውና ጫማው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጫማው አዲስ ነበር፣ ገና ጥገና አያውቅም። «ልጄ፣ ተረከዝህን አላውቀውም። የማላውቀውን አልሾምም። ግን ያለ ወግ ያለ ሥርዓት እያንገላታህ ስላመጣኸኝ፣ ከዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከማዕረግህ ወርደህ በር ጠባቂ ሆነሃል። ሂድ፣ በሩን ያዝ!»

አግዳሚው ላይ ካሉት ሴቶች አንደኛዋ ሳቋን አፈነች። ኮሪደሩ ላይ ያለፉ ሁለት ፖሊሶች ግን አላፈኑም፣ ከት ብለው ሳቁ። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። ረጅሙ ኮንስታብል ጆሮው ደም መሰለና በጥፊ አጮለው።

ቆቡ ወደቀ። ጫማ ሰፊው ጉንጩን ይዞ፣ የተቀማውን ነገር እንደሚፈልግ ልጅ ዙሪያውን አየ። «እንዴ?» አለ። «እንዴ… ኮሎኔል?»

በዚህ ጊዜ ኮንስታብሉ ቀና ብሎ ጋሽ መዝገብን አየው። ይህችን እይታ ጋሽ መዝገብ ኋላ ላይ ስንት ሺህ ጊዜ መልሶ እንዳያት አይቆጠርም። የሚያስፈራራ እይታ አልነበረም። አዲስ ቤት የገባ ሰው የቤቱን ወግ ሲጠይቅ የሚያየው ዓይነት ነው፦ እዚህ ቤት እንዴት ነው? «ተው» ቢለው ይበቃው ነበር። ሁለት ፊደል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ሲደረድር የኖረ ሰው ሁለት ፊደል አጣ። አንገቱን ደፍቶ መዝገቡን አየ። ዓረፍተ ነገሯ እዚያው ተቀምጣለች፣ ቀለሟ ደርቋል። «አንዴ ተጽፏል እኮ» የሚል ሐሳብ በጭንቅላቱ አለፈ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሐሳብ ከተባለ።

ሁለተኛውን ምት አላየም፤ ሰማው። የኮንስታብሉ ዱላ ከጫማ ሰፊው ጆሮ ግንድ በላይ ሲያርፍ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከአግዳሚው የብረት ጠርዝ ጋር ሲጋጭ። ቀና ሲል ጄኔራሉ መሬት ላይ ነበር። ሴቶቹ ተነስተው ወጥተዋል። መታወቂያቸውን ፍለጋ ተመልሰው አልመጡም፤ ስማቸውን ደግሞ አልጻፈም።

«እስኪበርድለት አስገቡት» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ። ተሸክመው አስገቡት። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። ሰካራም ያንኮራፋል፤ ማንም አልተገረመም። ጋሽ መዝገብ ክፍት በተወው ቦታ ላይ የጓደኛውን ስም ጻፈ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። በላ። ይህን ልደብቅለት አልችልም፤ ያንን ማንኮራፋት እየሰማ፣ ጨጓራው እንዳይነሳበት፣ ዋጥ ዋጥ እያደረገ በላ። አሥር ሰዓት ግድም ማንኮራፋቱ ቆመ።

ያኔ ነው ሆስፒታል የወሰዱት፤ አንድ ሌሊት አደረ። ጠዋት ሞተ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው የሚል ወረቀት መጣ። አዛዡ ኢንስፔክተር ወረቀቱን ይዞ ባንኮኒው ጋ መጣና፣ «መዝገቡ ምን ይላል?» አለ። ጋሽ መዝገብ ገጹን ገልጦ አሳየው። አዛዡ አንብቦ ተነፈሰ፤ ከዚያ ልክ ያኔ እንደነበረው አዛዥ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ለቀብሩ ጋሽ መዝገብ አልሄደም። ተረኛ ነኝ አለ። አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ እጇ ላይ ጠመኔ አለ፤ ከክፍል በቀጥታ ነው የመጣችው። ባንኮኒው ላይ ክርኗን አላሳረፈችም፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ አባቷን ቁርጥ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አባዬ እዚህ ሲገባ በእግሩ ነበር?»

የአዛዡ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ መዝገብ ወደ በሩ አየት አደረገ። «መዝገቡ ላይ እንዳለው ነው ልጄ» አለ። «ወድቆ… ማለት መንገድ ላይ ወድቆ…»

«መዝገቡን አይቼዋለሁ። ጉዳዩን የያዘችው ዐቃቤ ሕግ አሳየችኝ። ጽሕፈትህን መቼም ለእኔ አትነግረኝም ጋሼ። ከሱ ነው የተማርኩት። ስትቸኩል ጭረትህ ወደ ቀኝ ይጋደማል፤ ስትደነግጥ ቃላቱ ይራራቃሉ። እናቴ የሞተች ቀን የጻፍክልኝን መስመር እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፤ ቃል ከቃል የት ተገናኝቶ! ይቺኛዋ ግን አልተጋደመችም፣ አልተራራቀችም። ጓደኛህ ደም እየፈሰሰው ፊትህ ቆሞ እንዴት እንዲህ አድርገህ ጻፍክ?»

 መልስ አልጠበቀችም። ስትወጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እንደማልቀስ ብላ፣ መልሳ ተነሳች፤ አባቷን የመታው ጠርዝ እሱ እንደሆነ አላወቀችም። ጋሽ መዝገብ ግን ያውቅ ነበር።

ማታ ለባለቤቱ ሁሉንም ነገራት። ከሬዲዮው ጀምሮ፣ ምሳ ዕቃውን ሳይዘል። ባለቤቱ ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችና እጇን ሳትጠርግ ቆመች።

«እኔ የላክሁትን ምሳ?»

«አዎ።»

«እጄን አንስቼ አላውቅም ትለኝ ነበር እኮ» አለች። መልሳ ውሃውን ከፈተች። ብትጮህበት፣ ብትረግመው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ የክት ኮቱን ለብሶ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄደ። ዐቃቤ ሕጓ ጠረጴዛዋ ላይ ጥቁር መዝገቦች ቆልላ ነበር የጠበቀችው፤ ሃያ ስድስቱንም ዓመት አስመጥታዋለች። ያለውን ሁሉ ዘርግፎ ነገራት፦ ሰውየው በእግሩ ገባ፣ እየሳቀ ገባ፣ ዓረፍተ ነገሯ የተጻፈችው እሱ ገና መንገድ ላይ እያለ ነው፣ ተመቶ የወደቀው እፊቴ ነው። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«አምንዎታለሁ» አለች። «ችግሩ እኔ አይደለሁም። ይሄን ይመልከቱ።» መዝገቦቹን አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። በየገጹ ቀይ ወረቀት ተሰክቷል። «መቶ አርባ ሦስት ጊዜ ጽፈዋታል። ቃሏ አልተለወጠም። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው በእውነት የወደቀው?»

«አላውቅም።»

«ይገምቱ።»

ጋሽ መዝገብ ጣቶቹን አየ። «ሦስት… አራት ቢሆን ነው።»

«እንግዲህ ፍርድ ቤት አቀርብዎታለሁ። የተከሳሹ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይሄንኑ ነው። መቶ አርባ ሰው ላይ ዋሽቻለሁ ይላሉ። ከዚያ በዚህኛው እውነቴን ነው ይላሉ። ኮሪደር ላይ የነበሩት ፖሊሶች አላየንም ብለዋል። ሁለቱን ሴቶች ደግሞ እርስዎ አልመዘገቧቸውም። በእጄ ያለው የእርስዎ ቃል ከእርስዎ ጽሑፍ ጋር ሲጣላ ነው፤ ጽሑፍዎ ደግሞ» አለችና መዝገቡን ዘጋችው፣ «በጣም ያምራል።»

ሲወጣ ረጅሙ ኮንስታብል ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ቃል ለመስጠት ተጠርቶ። ያለ ዱላና ያለ ቆብ ሲታይ የሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። ጋሽ መዝገብን ሲያይ ዘሎ ተነሳ። ጋሽ መዝገብ የሚሰድበው መስሎት ነበር።

«ጋሽ መዝገብ» አለ። «አየሁህ እኮ። አየሁህና አንገትህን ደፋህ። ለምን ተው አላልከኝም?»

ጥፋቱን ለማላከክ ነበር ቢባል ያስኬዳል። ግን ልጁ እያለቀሰ ነበር፤ ጥያቄውም የእውነት ጥያቄ ነበር። ጋሽ መዝገብ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወረደ። ከሁለቱ ማን እንደገደለ ያን ቀን ብትጠይቀው አጣርቶ አይነግርህም ነበር።

ፍርዱ ብዙ አላደከመም። ማስረጃ አልበቃም ተባለ። ኮንስታብሉ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ፤ እዚያም ጫማው ሲያልቅ ማን እንደሚጠግንለት እንጃ። ጋሽ መዝገብ ሐሰተኛ መዝገብ በመያዝ ተከስሶ ከሥራ ተሰናበተ። ባንኮኒው ኋላ ሌላ ሰው ተቀመጠ። አዲሱ መዝገብ ያዥ ጽሕፈቱ አያምርም ይሉታል፤ ሲጠይቁት ግን እሱም ያቺን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል።

ከዚያ በኋላ ጋሽ መዝገብ ከቤት መውጣት ተወ። ደጅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጦ የራሱን እግር ሲያይ ይውላል። ባለቤቱ ታናግረዋለች፣ ምግብ በሰዓቱ ታቀርባለች፤ ምሳ ላይ ግን ምንጊዜም ጥላው ትነሳለች። አብራው አትቀመጥም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጫማ ሰፊው ልጅ መጣች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገርና አንድ የተማሪ ደብተር ይዛለች። ተቀመጪ ሲላት ተቀመጠች። ውሃ ሲያቀርቡላት ጠጣች። ከዚያ ደብተሩን መሃሉ ላይ ገልጣ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«ይጻፉልኝ» አለች። እርስዎ ብላው አታውቅም። «ለፍርድ ቤት አይደለም፣ ለማንም አላሳየውም። የተጻፈ ነገር ቢኖር አባቴ ወድቆ ሞተ የሚል ነው። ልጆች ስወልድ የማሳያቸው ሌላ ጽሑፍ ይኑረኝ። በእርስዎ እጅ።»

ብዕር ሰጠችው። ጭረቶቹ ወደ ቀኝ ተጋደሙ፣ ቃላቱ ተራራቁ። ጻፈ፦ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ እየሳቀ ገባ። ጉዳት አልነበረበትም። ጫማህ ደርሷል አለኝ። ተመታ። ኮሎኔል ብሎ ጠራኝ። መዝገብ ያዡ አንገቱን ደፋ። ደግሞ ተመታ።» እዚህ ጋ እንባው ደብተሩ ላይ ዱብ አለና «ተመታ» የሚለውን አበላሸበት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰረዘ። ከጎኑ እንደገና ጻፈው፣ ቀንና ሰዓት አኖረ፣ ፈረመ።

አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም፤ ይቅር ብያለሁም አላለችም። ደብተሩን ከድና ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችና ተነሳች።

«የሱን ዕቃ ሳስተካክል ነው ያገኘሁት፤ የእርስዎ ነው» ብላ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ዱካው ሥር አስቀምጣ ሄደች። የአጥሩ በር ከኋላዋ ሲዘጋ ጋሽ መዝገብ ተነስቶ ልሸኛት እንኳን አላለም።

ጋዜጣውን ሲፈታው ጥቁር ጫማው ወጣ። የቆዳው ጠረን ገና አልለቀቀውም። ስፌቱ ጠበቅ ጠበቅ ያለ፣ ተረከዙ የተስተካከለ፣ ጫፉ የተወለወለ ነበር። ሹመት አለበት፣ ራስህ ገልብጠህ ታየዋለህ ያለው ትዝ አለው። ለመገልበጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

በነጭ ጠመኔ፣ በዚያ በተወላገደ የጫማ ሰፊ ጽሕፈት፣ በቀኙ ሶል ላይ «ጄኔራል» ይላል። በግራው ላይ ደግሞ፣ ቦታ ስላልበቃው ፊደሎቹን አጨናንቆ፣ «ከእኔ እኩል» ብሎ ጨምሮበታል።

ጠዋት ነው የጨረስኩት ብሎት ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ጋሽ መዝገብ ሰውየው ሳይመጣ እንደጻፋት ሁሉ፣ ጫማ ሰፊውም ይህን የጻፈው ቀድሞ ነው፤ ጓደኛው ያን ቀን ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ። ጋሽ መዝገብ ጫማውን በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለው። እስካሁን ድረስ አላደረገውም።